የብረት ግመሎች ዳጉ

በግድግዳው ካርታ ላይ ከሁለት አቅጣጫ ሲመጡ የነበሩ ሁለት ቢጫ መብራቶች መንገድ መጋጠሚያው ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

«አንካሴና ሻሾ ዳጉ ተቀመጡ» አለች ይፍቱስራ፣ ሳምቡሳዋን እያላመጠች።

በክፍሉ ከነበሩት ባለሙያዎች ቀና ብሎ ያያት አልነበረም። ለእነሱ ይህ ነገር ፀሐይ ወጣች እንደማለት ነው፤ ማንስ ለዚህ ቀና ይላል?

አንካሴና ሻሾ የመዝገብ ስማቸው «ተጓዥ ጤና ጣቢያ» ነው። ስድስት እግር ያላቸው፣ ፀሐይ እየጠጡ የሚሄዱ፣ ሆዳቸው ውስጥ አንድ የማዋለጃ አልጋ፣ አንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ፣ የክትባት ማቀዝቀዣና አንድ ነርስ የያዙ የብረት ፍጥረቶች ናቸው። መኪና በማይደርስበት ሁሉ ይደርሳሉ። አገሬው ለመዝገብ ስም ደንታ ስለሌለው ብረት ግመል ይላቸዋል፤ ለእያንዳንዳቸውም እንደየጠባያቸው ስም አውጥቶላቸዋል። አንካሴ አንድ እግሯ በተጠገነ ማግስት ማነከስ የምትጀምረው ናት። ሻሾ ደግሞ ጀርባዋ ላይ የተዘረጋው የፀሐይ ሸራ ነጭ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩዋት ሻሽ ያሰረች ወይዘሮ ትመስላለች።

የትና መቼ መሄድ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ደልዳይ ነው። ደልዳይ የሸለቆው ሦስት ወገኖች፣ ማለትም ደጋው፣ ቆላውና ወደቡ ያላቸውን ሐኪም፣ መድኃኒትና ክትባት እንደ አንድ ቤት ንብረት ቆጥሮ ለተቸገረው ቦታ የሚያከፋፍል የስሌት አእምሮ ነው። ከእሱ በፊት ሦስቱ ወገኖች በየፊናቸው ያቅዱ ነበር። በአንዱ ወገን መጋዘን ክትባት ጊዜው ሲያልፍበት ከወንዙ ማዶ ያለው ሕፃን በኩፍኝ ይሞታል። በሽታው ግን የይለፍ ወረቀት ተጠይቆ ስለማያውቅ እንደልቡ ይሻገራል። በኋላ አንድ ላይ ለማቀድ ተስማሙና ጣምራ ጤና ቢሮን አቋቋሙ። በበሩ አናት ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ጽሑፉን ከልባቸው ያመኑበት የቢሮው ሸረሪቶች ብቻ ናቸው የሚሉ አሽሟጣጮችም አልጠፉም።

ይፍቱስራ የደልዳይና የብረት ግመሎቹ ጠጋኝ መሐንዲስ ናት። ለዘጠኝ ዓመት ያልተጠገነው ብልሽት ደግሞ ይኸው መቀመጣቸው ነበር። ሁለት ብረት ግመሎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ይንበረከኩና ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ቆይተው ቆይተው ይነሡና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። እግራቸው ተፈትቶ ታይቷል፣ ባትሪያቸው ተቀይሯል፣ ወይ ፍንክች። የቆላው ሰው ይህን ሲያይ ስቆ ስም አወጣለት፦ ዳጉ። ዳጉ የአፋር ወግ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ እጅ ነሥቶ ብቻ ማለፍ ነውር ነው፤ ቁጭ ብለው ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ፣ ከማን እንደሰሙ አንድ በአንድ ይለዋወጣሉ። ቀልዱ ለቢሮውም ጣመውና ብልሽቱ በይፋ «ዳጉ» ተብሎ ተመዘገበ።

የስምምነቱ ዘመን ሊያበቃ ሲቃረብ የሦስቱ ወገን ተወካዮች ተሰበሰቡ። ተሰበሰቡ ሲባል፣ የቆላው ተወካይ ጋሽ ሐንፈሬ ቢሮው እሳቸው ከተማ ስለሆነ በአካል ይቀመጣሉ፤ የቀሩት ሁለቱ በየከተማቸው ሆነው ምስላቸው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይበራል። ከግራ የወደቡ ተወካይ ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ከቀኝ የደጋው ተወካይ ዶክተር ልሳነወርቅ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ክርናቸውን አሳርፈው አያውቁም።

«ማሽኖቻችን ከቀናቸው አንድ አምስተኛውን ተንበርክከው ያሳልፉታል» አሉ ዶክተር ልሳነወርቅ። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ሲናደዱ ድምፃቸው ይበልጥ ይቀጥናል። «እኔ ሕዝቤን ምን ልበለው? ግመሎቻችሁ ወሬ ላይ ናቸው ልበለው? ወይ ይስተካከል፣ ወይ ደጋው የራሱን ግመሎች ይዞ ለብቻው ያቅዳል።»

«ወደቡም ያስብበታል» አሉ ወይዘሮ ሰዓዳ።

እንደ ይፍቱስራ ድልድይ ላይ የተወለደች ሴት «ለብቻ» የሚለውን ቃል አትወድም። እናቷ በምጥ ተይዛ ስትወሰድ የአንዱ ወገን አምቡላንስ ከድልድዩ ወገብ አላልፍም አለ፤ የወዲያኛው ወገን አምቡላንስ ደግሞ እስከ ወገቡ አልመጣም አለ። ሾፌሮቹ ሴትዮዋ የማን ናት እያሉ ሲከራከሩ ይፍቱስራ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተወለደች። ተከትሏት የወጣው መንታዋ ግን እስትንፋስ አልነበረውም። እናቷ ይህን ስታወራ አንድ ቀን ማንንም ረግማ አታውቅም። «ሁለቱም ደህና ልጆች ነበሩ» ትላለች፤ «ምን ያድርጉ፣ ትእዛዝ ነው።» ይፍቱስራ በሰው ላይ ሳይሆን በዚያ ትእዛዝ ላይ ቂም ይዛ ነው ያደገችው። ጣምራ ቢሮው ሲከፈት ከሁሉ ቀድማ የተቀጠረችውም፣ ይህ ቢሮ ከፈረሰ ድልድዩ እንደገና ሁለት እንደሚሆን ስለምታውቅ ነው።

«አስተካክለዋለሁ» አለች።

አስተካከለችውም። የብረት ግመሎቹ ሠሪዎች «የመንገድ ጠባይ» የሚባል የመማሪያ ክፍል ሰጥተዋቸው ነበር፤ አብሮ ከሚጓዘው ሰው ወግ እንዲለምዱ። ለመንጋ መንገድ መልቀቅን፣ ከብት ሳይጠጣ ወደ ውሃ አለመቅረብን፣ ሰው ሲሰግድ ድምፅ መቀነስን ከዚያ ነው የተማሩት። መቀመጡ የበቀለው ከዚሁ ክፍል እንደሆነ ይፍቱስራ ደረሰችበት። ሲቀመጡ በመካከላቸው የሚመላለስ አንድ ነገር ነበረ፤ ነገር ግን እነሱ ራሳቸው ባሳጠሩት አጻጻፍ ተቆላልፎ ለዐይን ተራ ትርምስ ይመስል ነበር። ለመፍታት ጊዜ አልነበራትም። ቆርጣ ጣለችው።

«ምስኪኖች! ዳጉ ከለከልሻቸው በይኛ!» ብለው ጋሽ ሐንፈሬ እስኪያስላቸው ሳቁ። ቢሮው በሙሉ አብሯቸው ሳቀ።

የመጀመሪያው ሰሞን ፌሽታ ነበር። መብራቶቹ ካርታው ላይ ሳይቆሙ ይተላለፋሉ፤ ሰዓቱ ተረፈ፤ ዶክተር ልሳነወርቅ በሰው ፊት «ጎሽ» አሏት። ወይዘሮ ሰዓዳም ለስምምነቱ መታደስ እጃቸውን እንደሚያወጡ ፍንጭ ሰጡ። ይፍቱስራ ደስ ብሏት ለእናቷ ደወለች።

ደስታዋ ግን አልሰነበተም። አንድ ረፋድ ላይ ነርስ መዲና ደወለች። መዲና የአንካሴ ነርስ ናት፤ የቆላ ልጅ፣ ፈጣን ተናጋሪ፣ በቀላሉ የማትደነግጥ። ያን ቀን ግን ድምፁ የእሷ አልመስል አለ።

«ይፍቱ፣ ሻሾ ጥላን ሄደች!»

«እንዴት ጥላችሁ ሄደች?»

«ገራኤላ መንደር ውሃው ላይ አተት ገብቷል። ተቅማጥና ትውከት፣ እንደምታውቂው ነው፣ ሰው ቆሞ ሲያወራሽ ይጠወልጋል። ለማጣሪያችን ካመለከትኩ ሰነበትኩ፣ መልስ የለም። ግሉኮሴ ሊያልቅ ነው። አንዲት አራስ አለችኝ እህቴ፣ ዐይኗ ጎድጉዶ ሕፃኑን እንኳ ማቀፍ አቅቷታል። የቀረችኝን ሁለት ከረጢት ለእሷ ሰቅዬ ለጎረቤቶቿ አደራ ብዬ፣ ከመንገድ ሰው ላገኝ ብዬ አንካሴን ይዤ ወጣሁ። ሻሾ በፊት ለፊት መጣች። ደጋው ዕቃ ቤት ግሉኮስ እስከ ጣሪያዋ ጭኗት እንደሆነ ከሸራዋ ምልክት አየሁ። ልትቀመጥ ነው ብዬ ስጠብቅ እንደ ተኳረፈ ሰው ፊቷን አዙራ አለፈች! ጮኽኩ፣ መስኮቱ ዝግ ነው።»

«ለእሷ ነርስ ለምን አልደወልሽም?»

«በምን መስመር?» አለች መዲና።

ይፍቱስራ መልሱን ታውቀዋለች። በስምምነቱ መሠረት የአንዱ ወገን የጤና ወሬ ወደሌላው የሚሻገረው በየወገኑ «ማጣሪያ» በኩል ብቻ ነው። ማጣሪያ ማለት እያንዳንዱ ወገን ስለራሱ በሽታ የሚወጣውን ቁጥር አይቶ፣ አረጋግጦ፣ ፈርሞ የሚለቅበት ቢሮ ነው። አሉባልታ እንዳይነዛ፣ ገበያ እንዳይዘጋ፣ ከብት ወደብ ላይ እንዳይመለስ ተብሎ የተበጀ ነው። ነርስ ለነርስ በቀጥታ መነጋገር ክልክል ነው። ደልዳይም የሚያቅደው ማጣሪያዎቹ በለቀቁለት ቁጥር ብቻ ነው። በደልዳይ ዐይን ገራኤላ ላይ ማንም አልታመመም፤ ሻሾም የጫነችውን ፈላጊ አጥታ ወደ ቤቷ ተመላሽ ናት።

ታዲያ እስከዛሬ እንዴት ይሠራ ነበር? ማጣሪያዎቹ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀርፋፋ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን ግመሎቹ ከወሬው ቀድመው በሽታው ደጃፍ ላይ ይገኙ ነበር። ሦስቱም ወገኖች «የደልዳይ ጥበብ» እያሉ አፋቸውን ሞልተው ያወሩበት ነገር ነው።

የጉዞ መስመር የመለወጥ ሥልጣን የላትም። ብረት ግመልን ለጥገና የመጥራት ሥልጣን ግን አላት። አንካሴንም ሻሾንም «ለጥገና» ብላ ወደ መንገድ መጋጠሚያው ጠራቻቸው፤ የቆረጠችውንም ክፍል ለሁለቱ መለሰችላቸው። ከዚያ ጋሽ ሐንፈሬን ከቢሯቸው ጎትታ አውጥታ መኪና ውስጥ ከተተቻቸው።

«ምን ልታሳይኝ ነው ልጄ?» አሉ ሽማግሌው ቀበቶውን እየፈለጉ።

«እኔም አላውቅም። እዚያው እናየዋለን።»

ሲደርሱ ሁለቱ ግመሎች እየተቃረቡ ነበር፤ አንካሴ እያነከሰች፣ ሻሾ ሸራዋ በነፋስ እየተርገበገበ። ተገናኙ፣ ተንበረከኩ። መዲና ከአንካሴ ሆድ ዘልላ ወረደች። ከሻሾ የወጣው የደጋው ነርስ እንቅልፍ ባልለቀቀው ዐይን ዙሪያውን ያያል። ይፍቱስራ በመካከላቸው የሚመላለሰውን ተቀብሎ፣ ከያንዳንዱ ንግግር በኋላ ከሠሩት ነገር ጋር እያስተያየ ወደ ሰው ቃል የሚመልስ ድምፅ ማጉያ አሸዋው ላይ አስቀመጠች። መጀመሪያ ተንኮሻኮሸ። ቆየና ቃል ሆነ።

«ከወዴት ነሽ?»

«ከገራኤላ ነኝ።»

«ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«ምን አየሽ?»

«ውሃው ላይ ሰው ታሟል፤ ተቅማጥና ትውከት ነው። አየሁ። አንዲት አራስ ከሁሉ ብሳለች። አየሁ። ነርሴ ግሉኮስ አልቆባታል። አየሁ።»

«ምን ሰማሽ?»

«ከላይ ያለውም መንደር ታሟል ሲሉ ሰማሁ።»

«ከማን?»

«ከግመል ነጂ።»

«እሱ አይቷል?»

«አላየም። ከአማቱ ነው የሰማው።»

«እንግዲያው እሱ ይቆይ፤ የሚያይ ሲመጣ እንጠይቃለን። እኔ ከደጋ ነኝ። ሰላም ነው። ግሉኮስ ሞልቶኛል፣ የሚፈልገኝ አጥቼ ወደ ቤት ተመላሽ ነኝ። ከታችኛው ደጋ ከተማ ሕፃናት እንደዚሁ ታመው ወደ ሆስፒታል ሲገቡ አየሁ። ማጣሪያው ገና አልፈረመም።»

ጋሽ ሐንፈሬ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደ ልጅነታቸው፣ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ለመደበቅም አልሞከሩም።

«አባቴ እንዲህ ነበር የሚጠይቀው» አሉ። «ያየኸውን ካየኸው ጋር፣ የሰማኸውን ከሰማኸው ጋር አስቀምጥ፣ አትቀላቅል ይለኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዳጉ ናቸው እያልኩ ሳሾፍ፣ ለካ እውነትም ዳጉ ናቸው! ከእኔ ሌላ ማን ማወቅ ነበረበት?»

ሻሾ ተነሣች። ማንም አላዘዛትም። ፊቷን ከደጋው መልሳ፣ መዲናንና የገዛ ነርሷን ጭና፣ ወደ ገራኤላ በፍጥነት መራመድ ጀመረች። ካርታው ላይ የሚመዘገበው ግን እንደ ወትሮው «በመንገድ ሁኔታ ምክንያት መስመር ለውጣለች» የሚል ብቻ ነው።

መኪናው ወደ ቢሮው ዞረ።

«ዝም ብለሽ ዳጉውን ለሁሉም ግመሎች መልሺላቸው» አሉ ጋሽ ሐንፈሬ። «ለተወካዮቹ ሸንጎ አትንገሪ። ከማጣሪያ ውጭ ወሬ ተሻገረ ማለት ስምምነቱ ፈረሰ ማለት ነው። ዶክተሩ የሚፈልጉት ሰበብ ይኸው ነው፤ ነገ ግመሎቻቸውን ነድተው ይሄዳሉ።»

ይፍቱስራ ፈራች። ሽማግሌው ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እሷም ከማንም በላይ የምትሳሳለት ነገር ነው ሊፈርስ የሚችለው።

«ባልነግራቸው ደግሞ» አለች፣ «እኔ ስሄድ የሚተካኝ ሰው ብልሽት ነው ብሎ ይቆርጠዋል። እኔ እንደቆረጥኩት። ያን ጊዜ አራሷን ማን ይደርስላታል?»



ሸንጎው በማግስቱ ተቀመጠ። ይፍቱስራ ቆማ ያየችውንም የሠራችውንም ተናገረች፤ መቁረጧን፣ ሻሾ መዲናን አልፋ መሄዷን፣ በድብቅ «ለጥገና» ብላ መጥራቷን።

«ማነው የፈቀደላቸው?» አሉ ወይዘሮ ሰዓዳ።

«ማንም። ከመንገዱ ተማሩት።»

«ከመንገዱ!» የዶክተር ልሳነወርቅ ድምፅ ክር አከለ። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላል የእኛ ሰው። የሦስት ወገን ጤና ዘጠኝ ዓመት በአሉባልታ ሲመራ ኖሯል እያልሽኝ ነው? ማጣሪያ ለምን አቋቋምን? ይህ ስምምነት ፈርሷል እህት ዓለም፣ እኔ አይደለሁም ያፈረስኩት።»

በዚህ መካከል ጋሽ ሐንፈሬ ተነሡ። ወንበራቸውን እየጎተቱ ሄደው የዶክተሩ ምስል የሚበራበት ግድግዳ ሥር፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ዶክተር፣ ሰላም ነው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሰላም ነው ወይ ብዬ ነው የጠየቅሁ።»

«...ሰላም ነው።»

«እኔም ሰላም ነው። ወጉ የመጣ ሰው እንዲጀምር ነውና እኔ ልጀምር። ከቆላ ነኝ። ከገራኤላ የተጻፈ ማመልከቻ ማጣሪያችን ደርሶ፣ ሁለተኛ ፈራሚ እስኪመጣ ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስተኝቼው ነበር። አየሁት። ሰው እየታመመ እኔ ፊርማ ስጠብቅ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ደበቅሁ። የእኔ ይኸው ነው። እርስዎስ ዶክተር፣ ምን አዩ?»

ዶክተር ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አላደረጉትም።

«ሕፃናት ታመውብናል» አሉ ዝግ ብለው።

«አዩ ወይስ ሰሙ?»

«በዐይኔ አየሁ። ዛሬ ጠዋት ከአልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። አንደኛዋ የልጅ ልጄ ናት።» ድምፃቸው መቅጠኑን ትቶ ተሰበረ። «ማጣሪያችን እስኪያረጋግጥ ነው የጠበቅነው። የከብት ገበያው ሰሞን ነው፣ ስማችን እንዳይነሣ ብለን... ሆስፒታሉ ግሉኮስ ጨርሷል። ዕቃ ቤታችን ያለውን በሙሉ ሻሾ ጭና ወጥታ ነበር። እኔ ራሴ ያልነገርኩትን ደልዳይ ከየት ይወቀው?»

ይፍቱስራ አንገቷን ደፋች። አንድም ቃል ብትጨምር የሰውየውን ቁስል መንካት ይሆንባታል።

«የወደቡ መጋዘን ሙሉ ነው» አለ ከግራ ግድግዳ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞሩ። ወይዘሮ ሰዓዳ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ነበር።

«ግሉኮስም፣ ክሎሪንም፣ የአተት ክትባትም። ዘንድሮ ስምምነቱ ይፈርሳል ብዬ፣ ለራሳችን ይሁን ብዬ ከደልዳይ ሰውሬ ያስቀመጥኩት ነው።» ከት ብለው እንደመሳቅ አሉና ተዉት። «ይህን አልሰማሁም ጋሽ ሐንፈሬ፣ አይቻለሁ። የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሰልፍ ባልጠበቀ ሁኔታ ሆነ። ሦስቱም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ፤ ይጠያየቃሉ፣ ይቋረጣሉ፣ «ማን ነገረዎት? አይቷል?» ይባባላሉ። ደልዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስቱም ወገን ያልታጠበ፣ ያልተሸፋፈነ ወሬ በአንድ ጊዜ ወረደለትና እቅዱን ከሥር ጀምሮ ሠራው። ከሰዓት በኋላ የወደቡ ግመሎች ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተጭነው ወደ ደጋ መንገድ ጀመሩ። ዶክተር ልሳነወርቅም ስምምነቱ ፈርሷል ያሉትን ቃል አላነሡም፤ ሌሎቹም አላስታወሷቸውም።

አራሷ ተረፈች። ሕፃኑን ታቅፋ የተነሣችውን ምስል መዲና ልካላት ይፍቱስራ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። የዶክተሩም የልጅ ልጅ ከአልጋ ተነሥታ ምግብ አማርጣ እስክታስቸግር ደረሰች።

ስምምነቱ ሲታደስ ማጣሪያዎቹ አልተሻሩም፤ ማረጋገጥ መልካም ነው። ዳግመኛ ግን ወሬ አይይዙም፤ ያየ ሰው «አየሁ»፣ የሰማ «ሰማሁ፣ ከእገሌ» ብሎ ወዲያው ይለቃል፣ ማጣሪያው ከኋላ እየተከተለ ያጣራል። ዳጉ ለግመሎቹ ሁሉ ተመለሰላቸው፤ ተወካዮቹም በየወቅቱ በአካል እንዲገናኙ ተወሰነ። ቢሮ ውስጥ ይሁን ቢባል ጋሽ ሐንፈሬ አሻፈረኝ አሉ። መንገድ ላይ ነው የሚያምረው አሉ።

እናም የመጀመሪያው ቀን መንገድ መጋጠሚያው አጠገብ፣ ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። ዶክተር ልሳነወርቅ ከግድግዳው ምስላቸው አጠር ያሉ ሰው ሆነው ተገኙ። ወይዘሮ ሰዓዳ ቴምር ይዘው መጥተዋል። ይፍቱስራ ከምንጣፉ ጠርዝ ተቀምጣ ታዳምጣለች።

ግመሎቹ ሲሠሩ፣ ከሰው ይማሩ ሲባል ብዙ ሰው ፈርቶ ነበር። ተንኮላችንን ይቀስማሉ፣ ስግብግብነታችንን ይወርሳሉ ተብሎ ስንት ስብሰባ ተካሂዷል። ደግነታችንን ይዘው ይቀራሉ ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም። እኛ ቢሮ ገብተን የተውነውን ወግ እነሱ አሸዋ ላይ አንሥተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ እስክንመለስ ጠበቁልን። ይፍቱስራ ይህን ስታስብ ደስታም እፍረትም አንድ ላይ ተሰማት።

ተወካዮቹ ገና ሰላምታውን ሳይጨርሱ ከደጋው አቅጣጫ አንዲት ብረት ግመል መጣች። አዲስ ናት፤ አገሬው ገና ስም አላወጣላትም። በመንገዷ ላይ ጓደኛ ግመል አልነበረም። እሷ ግን ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ከመንገዱ ወጣች፣ ወደ ግራሩ መጣችና ሰዎቹ ከከበቡት ምንጣፍ አጠገብ ተንበረከከች። ቆይታም፣ የእነሱ ዓይነት ጆሮ ለሌለው ሰው ድምፅ እንደሚያስፈልግ ገብቷት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ለሕሙማን መጥሪያ በተሠራው ድምፅ ማጉያዋ፣

«ሰላም ነው?» አለች።

ሁሉም ወደ ይፍቱስራ ዞሩ። እሷ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ያስተማረቻት ነገር አይደለም።

ዶክተር ልሳነወርቅ ግመሊቱን አዩ፣ ምንጣፉን አዩ። ከዚያ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁላት።

«ሰላም ነው» አሉ። ጉሮሯቸውንም ጠርገው ከደጋው ወሬ ጀመሩላት።